ኒካሑ ታስሯል፣ ሠርጉ ግን አልተደገሰም፦ ለካናዳ ቋሚ መኖሪያ ስናመለክት ምን እንጻፍ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባል ቶሮንቶ፣ ሚስት ደሴ። አባት ካልጋሪ፣ ልጆች ከአያታቸው ጋር ጅማ። እንዲህ ተከፋፍሎ የሚኖር ቤተሰብ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። በዛሬው ዝግጅታችን እነዚህ ወገኖቻችን ለካናዳ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ሲያመለክቱ ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮችን እናነሣለን። ጉዳዩ እዚያ ያለውን ስፖንሰር አድራጊም ሆነ እዚህ ያለውን ተጠባባቂ፣ እንዲሁም ሽማግሌ ሆነው የሚላኩትንና ምስክር ሆነው የሚፈርሙትን ሁሉ ይመለከታልና አብራችሁን ቆዩ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ስንት ይከፈላል? ስንት ወር ይፈጃል?» ብሎ ነው። ክፍያውም ጊዜውም ይለዋወጣል፤ የዕለቱን መረጃ ከካናዳ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። ሰዎች ሳይጠይቁ የሚያልፉት ሌላ ጥያቄ አለ። እርሱም «በፎርሙ ላይ ማንን ልጻፍ?» የሚለው ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ የተሳሳተ ቤተሰብ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ተለያይቶ ይቀራል።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የሚናገረውም ስለ ዕዳ ውል ነው፤ ውሉ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፣ ምስክሮችም እንዲቆሙ ያዛል። አላህ (ሱ.ወ.) በመጽሐፉ ውስጥ ረጅሙን አንቀጽ ለጽሑፍና ለምስክርነት ከሰጠ፣ «የፈረንጅ ወረቀት ነው፣ እንደ ፈለግን ብንሞላው ምን አለበት» የሚለው ንግግር ከሙስሊም አፍ መውጣት አልነበረበትም።

ያልተጻፈው ሰው

የካናዳ የኢሚግሬሽን ደንብ አንድ ከባድ አንቀጽ አለው። አንድ ሰው ቋሚ መኖሪያ ሲጠይቅ የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ሁሉ፣ አብረውት ይሂዱም አይሂዱም፣ መዘርዘር አለበት። አብረው የማይሄዱትም ቢሆኑ የሕክምና ምርመራ እንዲያደርጉ ይጠየቃል። በዚያን ጊዜ ሳይገለጽና ሳይመረመር የቀረ የቤተሰብ አባል ከዚያ በኋላ በመደበኛው በቤተሰብ መደብ በኩል በዚያው ሰው ስፖንሰር አድራጊነት ሊሄድ አይችልም። በርኅራኄ ምክንያት ታይቶ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ልመና ነው፣ መብት አይደለም።

እንግዲህ ማን ነው ሳይጻፍ የሚቀረው? አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው። ከተፈታች ሚስት የተወለደና ከእናቱ ጋር የሚኖር ልጅ፣ ገጠር ከአያቱ ዘንድ ያደገ ልጅ፣ ከኒካሕ በፊት ተወልዶ ቤተሰብ የሚያፍርበት ልጅ። ደላላው ደግሞ «ልጅ አለኝ ካልክ ጉዳይህ ይዘገያል፣ አሁን ዝም በል፣ በኋላ ታመጣዋለህ» ይላል። የኋላው መንገድ የሚዘጋው በዚህ ምክር ነው። ልጁ በእናቱ አሳዳጊነት ሥር ቢሆንም፣ ወደ ካናዳ የመውሰድ ሐሳብ ባይኖራችሁም መጻፍ አለበት። ማመልከቻው ከገባ በኋላ የተወለደ ሕፃንም እንዲሁ ከጉዞ በፊት መገለጽ አለበት፤ «ፎርሙን ስሞላ አልነበረም» የሚለው ምክንያት አያድንም።

ከልጅ ቀጥሎ ሳትጻፍ የምትቀረው ሚስት ናት። ይህ በእኛ በሙስሊሞች ቤት የተለየ መልክ ስላለው ሰፋ አድርገን እንመልከተው።

አንድ ወጣት ቪዛው መጥቶለታል እንበል። ቤተሰቡ ደስ ብሎታል፤ እናት ግን ትሰጋለች። «ልጄ ባዕድ ሀገር ሄዶ እንዳይበላሽብኝ» ትላለች። ሽማግሌ ይላካል፣ የልጅቱ አባት ይስማማል፣ ጉዞው አራት ቀን ሲቀረው ከመግሪብ ሰላት በኋላ ኒካሑ ይታሰራል። ሠርጉ «ሲመለስ ይደገሳል» ተብሎ ይቆያል። ልጁ ካናዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ሹሙ «የቤተሰብ ሁኔታህ ተለውጧል?» ብሎ ይጠይቀዋል። እርሱም ሠርግ ስላልደገሰ ራሱን ያላገባ አድርጎ ቆጥሮ «አልተለወጠም» ይላል።

በሸሪዓ ይህች ልጅ ሚስቱ ናት። አላህ አያድርገውና በማግስቱ ቢሞት ትወርሰዋለች፣ ዒዳም ትቀመጣለች፤ በኒካሑ ሥር እስካለች ድረስ ሌላ ሰው ሊያጫት አይችልም። በሀገራችንም ሕግ ቢሆን በ1992 ዓ.ም (2000 እ.ኤ.አ.) የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባሕል የሚፈጸሙ ጋብቻዎችን ይቀበላል። ካናዳ ደግሞ ጋብቻ በተፈጸመበት ሀገር ሕግ የጸና መሆኑን ትመለከታለች። ድግሱ፣ ሙሽራ መኪናውና ቪዲዮው በየትኛውም ወገን ሚዛን የላቸውም። ልጁ ሁለት ዓመት ሠርቶ ገንዘብ አጠራቅሞ «ሚስቴን ላምጣ» ሲል ማመልከቻው ይወድቅበታል። የኒካሑ ቀን ካናዳ ከገባበት ቀን ይቀድማላ!

ታዲያ እናትየው ምን ታድርግ? ሁለት ንጹሕ መንገድ አላት። አንደኛው ኒካሑን አስሮ ከጉዞ በፊት ጉዳዩን ለያዘው የቪዛ ክፍል በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ወራት ሊያዘገይ ይችላል፤ ያም ሆኖ ሚስቲቱ ትመረመራለች፣ መብቷም ይጠበቃል። ሁለተኛው ኺጥባ አድርጎ፣ ማለትም ማጨት ብቻ አድርጎ መቆየት ነው። መታጨት ጋብቻ አይደለም። ልጁ ሄዶ ይደላደልና ተመልሶ በአካል ተገኝቶ ያገባል፣ ከዚያም ስፖንሰር ያደርጋል። እኛን ከጠየቃችሁን በችኮላ ከሚታሰር ኒካሕ ይህኛው ይሻላል እንላለን። የልጅቱን አባት ግን «ለስንት ጊዜ ትታጭብኛለች?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነውና በቂ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

በወላጆቻቸው ማመልከቻ ውስጥ የሚካተቱ ልጆችንም ይህ ነገር ይነካቸዋል። በካናዳ ደንብ ጥገኛ ልጅ የሚባለው በመደበኛው ከ22 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ነው። ዕድሜው የሚያዘው የተሟላው ማመልከቻ በደረሰበት ቀን ሲሆን፣ አለማግባቱ ግን እስከ መጨረሻው ይጠየቃል። የ19 ዓመት ልጃችሁን አባቷ ካናዳ ሆኖ እየጠበቃት ኒካሕ ካሰራችሁላት ከጥገኝነት ወጣች ማለት ነው።

አስቀድሞ የተበላሸ ነገር ያለባቸው ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። ገና ያልተጓዘ ሰው ዛሬውኑ ያሳውቅ፤ ጊዜ አለው። ተጉዞ የገባ ግን ፈቃድ ያለው የሕግ ባለሙያ ዘንድ ይሂድ እንጂ ወረቀት ወደ ማደስ አይሂድ። ምክንያቱም በዚህ ጊዜ የሚመጣው ፈተና የኒካሑን ቀን ወደ ኋላ ገፍቶ አዲስ ማስረጃ ማውጣት ነው። ለዚያ ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ ቤተሰብም አጎትንና ጎረቤትን «ለደግ ሥራ ነው» ብሎ ያስፈርማል። የሐሰት ምስክርነትን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከታላላቆቹ ወንጀሎች መካከል እንደቆጠሩት ሁላችንም ሰምተናል። በካናዳም ሕግ ቢሆን ሐሰት የተገኘበት አመልካች ለ5 ዓመት ይታገዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ አይችልም። የመኖሪያ ፈቃዱን ያገኘውም ሰው ሊነጠቅ ይችላል።

በወኪል የታሰረ ኒካሕ

ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) በሐበሻ ምድር በስደት ሳሉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሆነው እንዳገቧቸው፣ መህሩንም ነጃሺ እንደከፈሉ በሲራ መጻሕፍት የታወቀ ነው። ስለዚህ ባል ሩቅ ሆኖ በወኪል የሚታሰር ኒካሕ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ታሪኩ በሀገራችን የተፈጸመ ነው። ካናዳ ግን ከሰኔ 11 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተጋቢዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱም በአካል ሳይገኙ በወኪል፣ በስልክም ሆነ በኢንተርኔት የተፈጸመን ጋብቻ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ አትቀበልም። በሸሪዓ የጸና መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ይህን ሳያውቁ በስልክ አስረው ማመልከቻ ያስገቡ ሰዎች ክፍያቸውም ጊዜያቸውም ባክኗል። መፍትሔው ባልየው መጥቶ ሁለቱም በአካል በተገኙበት ጋብቻውን መፈጸምና ማስመዝገብ ነው። አስቀድሞ የታሰረው ኒካሕ ላይ ሌላ ውል ስለ መፈጸም የሸሪዓውን አገባብ በአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ፤ እኛ እዚህ ፈትዋ አንሰጥም።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር እንጨምር። በብዙ ቤታችን ኒካሕ ሲታሰር ወንዶቹ ሳሎን ይቀመጣሉ፣ ሙሽራዋ ሌላ ክፍል ናት፣ የሚናገርላት ወሊዩ ነው። ፎቶ ቢነሣም እርሷ አትታይበትም። ይህን ፎቶ ካናዳ ያለ ሹም ሲመለከተው «ሙሽራዋ የት ነበረች?» ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ ሙሽራዋ በቦታው ትገኝ፣ በገዛ እጇ ትፈርም፣ ሒጃቧን ለብሳ ከባሏና ከወሊዩ ጋር አንድ ፎቶ ትነሣ። የወሊዩን ቦታ የሚነካ ነገር የለበትም።

ከአንድ በላይ ሚስት ስላላቸው ወንድሞች በአጭሩ እንናገር። ካናዳ ሁለተኛ ሚስትን እንደ ትዳር ጓደኛ አትቀበልም፤ ስፖንሰር ልትደረግም አትችልም። ልጆቿ ግን የአባታቸው ልጆች ናቸውና መጻፍ አለባቸው። አንዳንዱ «የመጀመሪያዋን በወረቀት ልፍታት፣ በሐቂቃ ሚስቴ ናት» ይላል። ፍቺ ቀልድ የማይገባበት ነገር ነው፤ የፈታ ፈትቷል። ለወረቀት ተብሎ በሚደረግ ጋብቻም ነገሩ ያው ነው። ገንዘብ ተከፍሏት ለጉዞ ብቻ ኒካሕ የታሰረላት ሴት መህርና ውርስ ያላት ሚስት ትሁን ወይስ የንግድ ሸሪክ? ካናዳ እንዲህ ያለውን ጋብቻ ለመኖሪያ ፈቃድ ሲባል የተደረገ ብላ ትጥለዋለች፤ ቤታችን ደግሞ ሐላልና ሐራሙ የተደበላለቀ ሆኖ ይቀራል።

ያሳደግነው ልጅና የወለድነው ልጅ

የሟች ወንድሙን ልጅ እንደ ልጁ አድርጎ ያሳደገ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ችግሩ የሚመጣው ፎርሙ ላይ «ልጄ» ብለው ሲጽፉት ነው። ዘይድ ኢብን ሓሪሣን አስታውሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስላሳደጓቸው ሰዎች «ዘይድ የሙሐመድ ልጅ» ይሏቸው ነበር፤ በሱረቱል አሕዛብ ያደጉ ልጆች በወላጅ አባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ሲታዘዝ ወደ ሓሪሣ ልጅነታቸው ተመለሱ። ፍቅሩ አልቀነሰም፤ ነሰቡ ግን ተጠበቀ።

ለእነዚህ ልጆች በካናዳ ደንብ ጠባብ ቢሆንም በር አለ። የስፖንሰር አድራጊው ወንድም፣ እህት፣ የወንድም ወይም የእህት ልጅ፣ ወይም የልጅ ልጅ የሆነ፣ ወላጆቹ የሞቱበት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ልጅ ስፖንሰር ሊደረግ ይችላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ነው። በካናዳ ደንብ ግን አባትም እናትም መሞት አለባቸው። እናቱ በሕይወት ያለች የቲም በዚህ በር አያልፍም፤ እናቱንም «ሞታለች» ብሎ ማስረጃ ማውጣት በምንም መንገድ አይፈቀድም። የሁለቱንም ወላጆች የሞት የምስክር ወረቀት አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ጥርጣሬ ሲኖር ሹሙ የዲ ኤን ኤ ምርመራ ሊጠይቅ እንደሚችል እወቁ። የእህት ልጅ «ልጄ» ተብላ ከሦስት እውነተኛ ልጆች ጋር ብትጻፍና ምርመራው ቢያጋልጥ፣ ሦስቱም አብረው ሊወድቁ ይችላሉ። ያችን ልጅ ለመጥቀም የተባለው ነገር የቤቱን ሁሉ ዕድል ያበላሻል። ለአቅመ አዳም የደረሱ ወንድምና እህት ደግሞ በመደበኛው በዚህ የቤተሰብ መደብ ስፖንሰር አይደረጉም። «ወንድሜን አምጣልኝ» ለሚሉ እናቶች ይህን ማስረዳት የልጆቻቸው ግዴታ ነው። ስለ ወላጆች ጉዳይ ዛሬ አንገባበትም፤ በሩ የሚከፈተውና የሚዘጋው በየጊዜው በሚወጣ መመሪያ ነው።

ስምና ቀን

ስማችን ራሱ ፈተና ነው። አንዱ ወረዳ «ሙሐመድ»፣ ሌላው «መሐመድ»፣ ትምህርት ቤት «ሙሀመድ» ብሎ ይጽፋል፤ በእንግሊዝኛ ሲገለበጥ ደግሞ ስድስትና ሰባት ዓይነት ይሆናል። ፋጢማ፣ ዘይነብ፣ ዐብዱረሕማን የሚባሉትም ከዚህ አያመልጡም። ፎርሙ ላይ ስማችሁን በፓስፖርታችሁ እንደ ተጻፈው፣ ፊደል ሳትቀይሩ ጻፉ። ሌሎቹ ሰነዶች የሚለያዩ ከሆነ «እነዚህ ሁሉ የአንድ ሰው ስም ናቸው» የሚል አጭር የማብራሪያ ደብዳቤ አያይዙ። ሚስት በባሏ ስም አለመጠራቷም ለእነርሱ ሊያስገርም ይችላልና በደብዳቤው አንድ መስመር ጨምሩ፦ በሀገራችን ልማድ ከስም ቀጥሎ የአባትና የአያት ስም ይመጣል፣ ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም።

ዓረብ ሀገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ከዚህ የከበደ ችግር አለባቸው። ደላላው ዕድሜያቸውን ጨምሮ፣ አንዳንዴም ስማቸውን ቀይሮ ፓስፖርት ያወጣላቸው አሉ። የ16 ዓመት ልጅ 24 ተብላ ሄዳለች። አሁን በየትኛው ታመልክት? በእውነተኛው። መጀመሪያ የልደት ማስረጃዋን ይዛ ፓስፖርቷን ታስተካክል፤ ከዚያም ፎርሙ «ሌላ ስም ተጠቅመህ ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቅ የቀድሞውን ስም ትጻፍና ምክንያቱን ትግለጽ።

ቀን ሲገለበጥ የሚሠራው ስሕተት ደግሞ ተራ ቢመስልም ብዙ ያስከፍላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ባለው ጊዜ ወደ ፈረንጅ ዓመት ለመለወጥ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። ኅዳር 5 ቀን 1990 ዓ.ም የተወለደ ልጅ ኖቬምበር 14 ቀን 1997 ነው የተወለደው። ጥር 1 ቀን 1985 ዓ.ም ደግሞ ጃንዋሪ 9 ቀን 1993 ነው። «8 ደምር» ብቻ የተባለ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ልጅ በ1998 ይወልደዋል፤ አንድ ዓመት ያሳንሰዋል ማለት ነው። 22 ዓመት ሊሞላው ለቀረበ ልጅ ይህ አንድ ዓመት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ኒካሑ የተጻፈው በሒጅራ አቆጣጠር ከሆነም ሦስቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ።

በሀገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም ማብቂያ (በ2016 እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ አብዛኛው ሰው የልደት ወረቀት ያወጣው ካደገ በኋላ ነውና የቆየ ሌላ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት መዝገብ ካለ አብሮ ቢቀርብ ይረዳል። የኒካሕ ወረቀታችሁ በሸይኹ እጅ ብቻ ያለ ከሆነም ጋብቻውን አስመዝግቡ፤ ቀኑ ግን ኒካሑ የታሰረበት ቀን ይሁን።

አሥር ዓመት ያለ ክፍተት

ስለ አመልካቹ ታሪክ የሚጠይቀው ፎርም ያለፉትን 10 ዓመታት ያለ ክፍተት ይፈልጋል። ሥራ ያልነበራችሁበትን ጊዜ «ሥራ አልነበረኝም» ብላችሁ ጻፉ። ልጅ ስታሳድግ ቤት የቆየች እናት እርሱን ትጻፍ። ደረሳ ሆኖ በየገጠሩ ኪታብ ሲቀራ የኖረ ወንድማችን ደግሞ ሰርተፍኬት ስለሌለው እነዚያን ዓመታት ባዶ ይተዋቸዋል። ባዶ አይተዋቸው! «የሃይማኖት ተማሪ» ብሎ የቀራበትን መንደር፣ ወረዳውንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፍ። ዒልም ሲፈልግ የኖረበትን ዘመን መጻፍ የሚያሳፍር አይደለም።

ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ከ18 ዓመት በኋላ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖራችሁበት ሀገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ ወይም ኩዌት የኖራችሁ ሰዎች ከዚያ ሀገር ከወጣችሁ በኋላ ይህን ማግኘት አድካሚ ስለሆነ ቀድማችሁ ጀምሩ። ማግኘት ካልተቻለም የሞከራችሁበትን ደብዳቤና ደረሰኝ አስቀምጡ። ገና እዚያው ያላችሁ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ፎርሙ «ከየትኛውም ሀገር እንድትወጣ ታዘህ ታውቃለህ?» ብሎም ይጠይቃል። በ2013 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላም የተባረረው ብዙ ነው። ኢቃማ ስላልነበረው የተባረረ ሰው በዚህ ብቻ ካናዳ አትከለክለውም። መባረሩን ደብቆ ቢገኝ ግን ሐሰቱ ይከለክለዋል። «አዎ» ብላችሁ ጻፉ፣ በሦስት መስመር አብራሩ፣ እለፉ።

ስለ ትዳር ማስረጃ ሲነሣ እህቶች «ከኒካሕ በፊት አብረን የተነሣነው ፎቶ የለንም፣ ምን እናቅርብ?» ይላሉ። የሌለውን ለመፍጠር ፎቶ ቤት አትሂዱ። ትዳሩ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ማን ለማን እንደ ተናገረ፣ መህሩ ምን እንደ ነበር፣ ለምን አብራችሁ እንዳልወጣችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። በቤተሰብ በኩል የሚመጣ ትዳር በዓለም ብዙ ሕዝብ ዘንድ አለ፤ ሹሙም ያውቀዋል። የባንክ የገንዘብ መላኪያ ደረሰኝ፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የቤተሰብ ደብዳቤ ያግዛሉ። ገንዘብ በሰው እጅ ብቻ የምትልኩ ወንድሞች ከአሁን ጀምሮ ደረሰኝ በሚሰጥ መንገድ ላኩ። ለማመልከቻው በሚነሣው ፎቶም ፊት ሙሉ በሙሉ እስከታየ ድረስ በሃይማኖት ምክንያት ፀጉር መሸፈን ይፈቀዳል።

ስፖንሰር አድራጊው የሚፈርመው ግዴታ እንደ ዋስትና ይታይ። ለትዳር ጓደኛ 3 ዓመት ነው፤ ከ22 ዓመት በታች ላለ ልጅ 10 ዓመት ወይም ልጁ 25 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ ቀድሞ የመጣው ነው። በኩቤክ ክፍለ ሀገር የራሱ ደንብ አለ። በእነዚህ ዓመታት የመጣው ሰው የመንግሥት የድጎማ ገንዘብ ቢወስድ ስፖንሰር አድራጊው እንዲመልስ ይጠየቃል፤ ቢፋቱም ግዴታው አይወርድለትም። ይህን ሳታውቁ አትፈርሙ። በትዳር ስፖንሰር ተደርጎ የገባ ሰውም ቋሚ መኖሪያ ካገኘ 5 ዓመት ሳይሞላው ሌላ የትዳር ጓደኛ ስፖንሰር ማድረግ አይችልም።

ፎርሙ በነፃ ይገኛል፤ ራሳችሁ ልትሞሉት ትችላላችሁ። ክፍያ ተቀብሎ ሊወክላችሁ የሚችለው የካናዳ ጠበቃ ወይም በካናዳ የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ ነው፤ በኩቤክ ደግሞ ኖተሪዎች ይጨመራሉ። ስሙን ከመዝገብ ላይ ማየት ይቻላል። ደላላ የሞላው ፎርም ላይ ፊርማው የእናንተ ነው፤ ተጠያቂውም እናንተ ናችሁ። ስለዚህ በማታውቁት ቋንቋ የተሞላ ወረቀት መስመር በመስመር ሳይተረጎምላችሁ አትፈርሙ። በአማርኛ ወይም በዓረብኛ ያሉ ሰነዶች ወደ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ መተርጎም አለባቸው። ተርጓሚው የቤተሰብ አባል መሆን የለበትም፤ ባለሙያ ቢሆንም እንኳ። የእናንተ የእህት ልጅ ጎበዝ ተርጓሚ ከሆነች ለሌላ ሰው ትተርጉም።

የላካችሁትን ሁሉ ኮፒ አድርጋችሁ በአንድ ፋይል አኑሩ። ከወራት በኋላ ቃለ መጠይቅ ቢደረግላችሁ ምን እንደ ጻፋችሁ ታያላችሁ፤ ባልና ሚስትም በአንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። የሕክምና ምርመራው የሚያገለግለው ለ12 ወር ስለሆነ ቀኑን መዝግቡ፤ ሴቶች በምርመራው ወቅት አብራቸው የምትቆም ሴት መጠየቅ ይችላሉ። ስልክ ወይም አድራሻ ከቀየራችሁ፣ ልጅ ከተወለደ፣ ጋብቻ ወይም ፍቺ ከተፈጸመ፣ ሰው ከሞተ ወዲያውኑ አሳውቁ። ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ከተለጠፈ በኋላ እንኳ ቢሆን፣ ቤት ውስጥ ኒካሕ ከታሰረ ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት ለቪዛ ክፍሉ ይጻፍ።